ሽሽት በእግረኛ ጦር ዘንድ፦ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ መስክ «ማውንት ኤንድ ብሌድ፦ ዋርባንድ» ነው። ጌሙን የአንካራው ቴልዎርልድስ በ2010 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ ካልራዲያ በተባለች የፈጠራ ምድር ነገሥታት ያለ ዕረፍት ይዋጉበታል። የጥናቱ ጥያቄ አንድ ነው፦ ጦርና ጋሻ የያዘ ሰው ፈረስ ሲመጣበት ለምን ይሮጣል?

ቀደምት ሊቃውንት (ከእኔ በፊት የሞቱ ተጫዋቾች ማለት ነው) ፍርሃት ነው ብለው ያልፉታል። ነገሩ ግን ስሌት አለበት። በጌሙ የምቱ ክብደት በመቺውና በተመቺው የፍጥነት ልዩነት ይወሰናል፤ ስለዚህ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጠው ከቆመው ጥቂት ቀለል ያለ ምት ይደርሰዋል። ባጭሩ፣ ሯጭ በቅናሽ ይሞታል። ፈረሰኛው ረጅም ጦሩን ከብብቱ ሥር አጥብቆ ሽምጥ ሲጋልብ ግን ቅናሹ ለሟች የሚያተርፍለት ነገር የለም።

ይኸው ስሌት ሲገለበጥ ደስ ይላል። እግረኛው ቆሞ ጦሩን ፊት ለፊት ቢወጋ፣ የፈረሱ ፍጥነት ለወጊው ይቆጠርለታል፤ ፈረሱም የፊት እግሮቹን አንሥቶ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ኮርቻው ላይ ያለው መስፍን ከፍ ብሎ የተቀመጠ ኢላማ ነው፤ የአወጋጉንም ወጪ የሸፈነው ራሱ ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱን መጠበቁ ነው። ቀድሞ የወጋ አየር ይወጋል፤ የዘገየው ደግሞ ውጤቱን ለመዘገብ አይተርፍም።

ከመሣሪያ ሁሉ አስተማማኙ ዛፍ ነው። ፈረስ እንደ ሰው ቶሎ አይዞርም፤ ግንድ ሲገጥመውም ይቆማል። እግረኛ ግንዱን ተገን አድርጎ ሲሽከረከር፣ ፈረሰኛውም ሰፋ አድርጎ ሲከተለው በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ውጊያ ይባል አይባል፣ ጥናቱ አቋም አልያዘም።

በቡድን ሲሆን ሌላ ነው። ሰልፍ ላይ ያለ እያንዳንዱ ተጫዋች ፈረሱ የመጣው ለጎረቤቱ እንደሆነ ያምናል፤ ስህተቱ ሲገባው ሰልፉ የለም። ኮምፒውተሩ የሚያዛቸው ወታደሮች ከዚህ እምነት ነፃ ናቸው፤ ባላችሁበት ቁሙ ለማለት የኤፍ1 ቁልፍ ሁለቴ ሲጫኑላቸው እንደ ምሰሶ ይተከላሉ። በጌሙ የተራራው ሕዝብ ሮዶኮች አንድም ፈረሰኛ ሳያሠለጥኑ የስዋዲያን መንግሥት ፈረሰኛ ባላባቶች የሚያስቸግሩት በዚህ ጠባይ ነው። ጌም ብቻም አይደለም። በሐምሌ 1302 እ.ኤ.አ. ኮርትራይ ላይ የፍላንደርስ ሸማኔዎችና ባለእጆች፣ ጦር ተክለው ከቦይ ወዲህ ቆመው፣ የፈረንሳይን ፈረሰኞች ደመሰሱ። ፈረስ መኮርኮሪያውን ወርቅማ ብረት ከሟቾቹ ተረከዝ ፈትተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰቀሉት። ኤፍ1 ማን እንደተጫነላቸው አልተመዘገበም።

ለቀጣይ ተመራማሪ የተተወ ጉዳይ አለ። ፈረሱ የተገደለበት ባላባት ገና ከመሬት ሲነሣ ሌላ ፈረሰኛ ቢመጣበት፣ ያን ሁሉ እግረኛ ሲያሳድድ የዋለ ሰው ምን ያደርጋል? እስካሁን በታዩት ሁሉ፣ ወደ ዛፉ ነው የሮጠው። እዚያም ሰው ነበረበት።