መርፌዬ ቆጣሪ የላትም

አብርሃ ጅራ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ስፌት አለ፤ የሚጮህና የማይጮህ። የሚጮኸው በየበረንዳው የተደረደረው የልብስ ሰፊዎች መኪና ነው። የማይጮኸው ግድግዳ ተደግፈው ጋቢ የሚጋጥሙት እናት መርፌ ነው። የማይጮኸው መርፌው ነው አልኩ እንጂ እናትየው አላልኩም።

ከሰፊዎቹ አንዱ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን ጎልማሳ፣ ነገር ይጀምራቸዋል።

«እማማ፣ እርስዎ ሁለት ቀን የሚለፉበትን እኔ በአሥር ደቂቃ እጨርሰዋለሁ።»

«እኔም አንተ የሰፋኸውን ለመተርተር ከአሥር ደቂቃ አያልፈኝም።»

«የእጅ ስፌት ይጣመማላ!»

«ሊማሊሞም ይጣመማል፤ ሰው ግን ያደርሳል።»

«ደግሞ ማን ያየዋል?»

«የሚያጥበው።»

«ይበሉ እንግዲህ፣ እኔ መኪናዬን ሞተር ገጥሜለት ዘምኛለሁ።»

«መብራት ሲጠፋ ወደ ድሮው ትመለሳለሃ! የእኔ መርፌ ቆጣሪ የላትም።»

ዳኛ ሆኜ አልመጣሁም፤ ወገን ይዤ ነው የመጣሁት። የእማማ ወገን ነኝ።

«በዚህ ሙቀት ጋቢ ምን ሊሠራ?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ሰውዬ ባለፈው ሰርግ ላይ ሱፍ ከነከረባቱ ለብሶ የታየው ነው፤ ያን ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር መሰለኝ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርደው ወጣት ጋቢ ፍራሹም፣ አንሶላውም፣ የትንኝ መከላከያውም ነው። እዚህ ምዕራብ አርማጭሆ፣ ጥጥ ደጃፍ ላይ በሚበቅልበት አገር፣ ፖሊስተር ብርድ ልብስ ገዝቶ የሚያልበውስ ምን ይባላል? ፖሊስተር የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው። ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት አገር ነዳጅ ለብሶ መተኛት፣ እውነትም ሀብታም ሆነናል።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ሁለት እጥፉ ኩታ፣ አንዱ ነጠላ። የሸማኔው መቃ ወርዱ የተወሰነ ስለሆነ፣ ጋቢ ሙሉ ወርዱን የሚያገኘው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ሲጋጠም ነው። ጨዋታው ያለው እዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። እማማ ጠርዝን ከጠርዝ አፍ ለአፍ ያገናኛሉ፤ መርፌዋ ከየጠርዙ ሁለት ሦስት ድር ብቻ እየነጠቀች ታልፋለች። ሲያልቅ ዓይን ጨፍኖ በጣት ቢዳሰስ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይለይም። ተራው የልብስ መኪና ደግሞ አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ካልደረበ አይሰፋም። ስለዚህ ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጉብታ ይተዋል። ጋቢውን ተከናንበህ ብትተኛ ጉብታው ጉንጭህ ላይ ታትሞ ያድራል፤ ጠዋት የተኛህበትን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግህም።

ሌላም አለ። የጋቢው ማግ በእንዝርት የተፈተለ፣ ልስልስና ላላ ያለ ነው። የመኪናው ክር ባብዛኛው ፖሊስተር ስለሆነ ከሚሰፋው ጨርቅ ይጠነክራል። ታጥቦ ሲጨመቅ፣ ሲወጠር፣ የሚሸነፈው ክሩ ሳይሆን ጋቢው ነው። ክር ቢበጠስ መርፌ አለ። ጋቢው ራሱ ሲቀደድ ግን የእማማም መርፌ ጠጋኝ እንጂ ተአምረኛ አይደለችም።

ሰፊው ይህን ሲሰማ ተነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ! ድሩስ የፋብሪካ ክር አይደለም እንዴ? ምኑ ነው የእጅ ሥራ?»

እውነቱን ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ነው የሚያደርገው።

«ዱቄቱስ ከወፍጮ ቤት አይደል?» አሉ እማማ፣ «እንጀራውን ግን ወፍጮው አልጋገረውም።»

ለፍትሕ ሲባል አንድ ነገር ልናገር። እማማ «የመኪና ስፌት አንዷን ክር ስትስባት ሙሉው ይከዳል» ሲሉ የፋብሪካ ጆንያን አፍ አይተው ነው። የስኳር ወይም የዱቄት ጆንያ ትክክለኛውን ጫፍ ካገኘህለት ትርርር ብሎ ይከፈታል፤ በአንድ ክር ሰንሰለት ስለተሰፋ ነው። የልብስ ሰፊው መኪና የላዩን ክር ከታቹ እያቆላለፈ ስለሚሄድ እንዲያ አይከዳም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሱሪዬን የሚያሳጥርልኝ አላገኝም። ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ ዓለም ሸሚዝና ሱሪ እንደልቡ ለብሷል፤ ይመስገን። ሱሪውን ለመኪናው ትቼለታለሁ፤ ጋቢውን ግን አልሰጥም።

«ሕንዶች እንኳ ተዉት!» ይላል ሰፊው፤ ስልኩ ላይ ያነበበውን አይረሳም። ሕንድ ከጋንዲ ጊዜ የወረሰችው ወግ ሆኖ ሰንደቅ ዓላማዋ በእጅ ከተፈተለና በእጅ ከተሸመነ ጨርቅ ውጭ አይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ደንቡ ተሻሽሎ በመኪና የተሠራ ፖሊስተርም ተፈቀደ።

«ባንዲራ የሚለብሰው ዘንግ ነው» አሉ እማማ። «ዘንግ ደግሞ አንገቱን አይኮሰኩሰውም።»

ስልክ ከተነሳ እኔም የማነሳው አለኝ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። በባርነት ከኖሩ ሰዎች የተወለዱ ጥቁር ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ፣ ቁራጩን ከቁራጭ እየገጠሙ፣ በእጃቸው እየሰፉ ለልጆቻቸው የሚደረብ አልጋ ልብስ ይሠሩ ነበር። እኛ ብናየው ድሪቶ ብለን አፍንጫችንን እንይዛለን። እ.ኤ.አ. በ2002 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረገው። እንግዲህ ጎረቤቱን «ድሪቶ ለባሽ» ብሎ የሚሳደብ ሰው ከአሁን በኋላ የመግቢያ ትኬት ይቁረጥ።

አንዲት ወጣት ደግሞ መጣች፤ ለበዓል የገዛችው ቀሚስ ጥበቡ የታተመ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ባጥበው ጥበቡ ጠፋ!»

«አልጠፋም የኔ ልጅ፤ አገሩ ቻይና ተመልሶ ነው።»

በእማማ ወገን ተሰልፈው የሚያናድዱኝም አሉ። «በእጅ የተሠራ ፍቅር አለበት» የሚሉት፣ ባብዛኛው ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጡቱ። ፍቅር አይደለም ያለበት፤ የወገብ ሕመምና የዓይን ድካም ነው። ጥጡን መዳመጥ፣ ባዘቶውን ማመልመል፣ መፍተል፣ ማድወር፣ ከሸማኔው ሲመለስ መጋጠም፤ ይህ ሁሉ ሥራ እንጂ ስሜት አይደለም፤ ለሥራ ደግሞ ይከፈላል። እነዚሁ ሰዎች ፎቶ አንስተው፣ «ባህላችን!» ብለው አሞግሰው፣ ዋጋ ሲነገራቸው ነው ድንገት የመኪና ወዳጅ የሚሆኑት።

«እማማ፣ ይቀንሱልኝ እንጂ» አለ አንዱ፣ የሰሊጥ ዋጋ ወረደ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያማርር የሰነበተው።

«ስንት ልቀንስ?»

«ግማሹን።»

«እሺ፣ ግማሹን ቁራጭ እሰጥሃለሁ። አንዱን ትከሻህን ትሸፍንበታለህ፤ ለሌላው ሰሊጥ ሲወደድ ትመጣለህ።»

ሰፊው መኪናውን አቁሞ ሳቀ። እኔም ለገዢዎች አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ገበያ ስትወጡ ጋቢውን ገልብጡና ጀርባውን እዩ፤ መሀሉን በጣታችሁ ዳስሱ። ጉብታ ካገኛችሁ የመኪና ዋጋ ከፍላችሁ ሂዱ፤ ማንም አይቀየማችሁም። ካላገኛችሁ ግን ምላሳችሁን ሰብስቡና እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።