የምስጢር ቁጥሩ ባለቤት

የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ሲደውሉ «እዚያስ ካርድ ይሠራል?» ይሉኛል። የምኖረው ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር ነው። እዚህ ካርድ ማለት ስልክ ነው። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም በ2009 እ.ኤ.አ. ዛድ የሚባለውን የስልክ ገንዘብ ከጀመረ ወዲህ ሻይ የምታፈላዋም፣ ቲማቲም ሻጯም ቁጥራቸውን ግድግዳ ላይ ወይም ካርቶን ላይ ጽፈው ይጠብቁሃል። ኢንተርኔት የለ፣ ምን የለ፤ ኮከብ፣ ቁጥር፣ ሒሳቡ፣ መሰላል፣ ከዚያ አራት አሃዝ የምስጢር ቁጥር። ዶላርህ ሄደ።

ሽልንግ ቢያንስ ጸባይ ነበረው። አንድ ዶላር ከስምንት ሺህ ሽልንግ በላይ ስለሆነ፣ ገበያ መሐል ሽልንጉን እንደ ጡብ ደርድረው ከተቀመጡት መንዛሪዎች መቶ ዶላር የመነዘረ ሰው ፌስታል ይፈልጋል። ያን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ገንዘቡን አይረሳም። ሲቆጥርም ይደክመዋል፤ ሲደክመው ያስባል፤ ሲያስብ ይተወዋል። በስልክ ግን ለሁለት ዶላርም ለሃምሳ ዶላርም ጣት እኩል ነው የሚደክመው። ከአወዳይ የተነሣው ጫት በጅግጅጋ አድርጎ ከተማ ሲገባማ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ሥራ ይበዛበታል።

ባለቤቴ ይህን ካየች በኋላ ደመወዝ የሚገባበትን ሲም ወደ ራሷ ስልክ አዛወረችው። ለእኔ በየሳምንቱ የምትቆርጥልኝ ሌላ ሲም አለ። ሲያልቅ እደውላለሁ። ባለፈው ምግብ ቤት ሆኜ ደወልኩ።

«ምን በላህ?»

«ሩዝ በግመል ሥጋ።»

«ትናንትም ግመል አልነበር?»

አስተናጋጁ ሳቁን ዋጠ። ለካ ጅግጅጋ ያደገ ነው፤ አማርኛውን ከእኔ አሳምሮ ይሰማል። «እትዬ፣ ነገ ፓስታ አቀርብለታለሁ» አላት በስልኩ ላይ ተጎንብሶ። ወዲያው ከፈለች።

ክሬዲት ካርድ ለሚሉት ነገር ሐርጌሳ ቦታ የላትም፤ ወለድ ሐራም ነው፣ ባንኮቹም በእስልምና ሥርዓት ነው የሚሠሩት። አዲስ አበባ ያለው የሚስቴ ወንድም በዚህ ይስቅብናል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ እንደኪሴን ካመጣለት ወዲህ ሒሳቡ ባይሞላም ይገዛል፤ ደመወዙ ሲገባ ደግሞ ብድሩ ከነአገልግሎት ክፍያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የእኛ ዱቤ የባለሱቋ ደብተር ነው። ወለድ የለውም፤ ድምፅ ግን አለው። ወር ካለፈ ከመንገዱ ማዶ «ዋላሎ!» (ወንድሜ) ብላ ስትጣራ ከመስጊድ የሚወጣው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ ብድር አስመላሽ ባንክ የለም።

ባለቤቴ ደብተሩን በየዓርቡ ትመረምራለች። የሰፈሩን ሴቶች ሐግባድ የምትሰበስበውም እሷ ናት፤ ያው የእኛው ዕቁብ ነው፣ ግን በዛድ የሚጣል። በሰብሳቢዋ ስልክ ላይ መልእክቱ ጪው ሲል ማን እንደከፈለ ይታወቃል፤ «ልኬያለሁ» ብሎ ማምለጥ ቀርቷል። በዚህ ወር ዕጣው ለእሷ ወጣ። እራት ላይ ጠጋ ብዬ፣

«ታዲያ ምን ልንገዛ ነው?» አልኳት።

«ልን-ገዛ?» አለችኝ።