የሥጋ ቤት አስተያየት፦ ባሕርዩና መንስኤው

በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ሥጋው ይመዘናል፤ አስተያየቱ አይመዘንም። የዕውቀት ዘርፉ እስከ ዛሬ ሳይጠና የቀረው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ለጥናት አመቺው ጊዜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚተላለፍበት ቅዳሜ አመሻሽ ነው። ተመራማሪው ድራፍቱን ይዞ ጥግ ይቀመጥና ቢላዋውን ይመልከት። ጥሬ ሥጋ ተመጋቢው ሙዳውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይቆርጣል፣ አዋዜ ያጠቅሳል፣ ይጎርሳል። ኳስ ወደ ግብ ስትጠጋ ግን ያው ቢላዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ይቀሰርና ተከላካይ የት መቆም እንደነበረበት ያመለክታል። ዳኛው ወደ ቪኤአር ከሄደ አዋዜ የነካው ቁራጭ ሳህን ላይም አፍ ውስጥም ሳይሆን አየር ላይ ይቆያል። ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ ውሳኔው እስኪታወቅ የሚጎርስ የለም።

ከቤቱ ሁሉ አስተያየት የማይሰጥ አንድ ሰው ቢኖር ነጭ ጋዋን የለበሰው ሥጋ ቆራጭ ነው። ደንበኛው ቆሞ፣ «ከዳቢቱ አድርግልኝ፤ ጮማ ጣል አድርግበት፤ ጅማት እንዳታበዛ» ይለዋል። «እሺ ጋሼ» ይልና ቀድሞውኑ ቢላዋውን ካሳረፈበት ሽንጥ ይቆርጥለታል። ደንበኛው ቀምሶ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «አያችሁ? ዳቢት ማለት ይሄ ነው!» ሲል ቆራጩ ሚዛኑን እየወለወለ ነው። የሚያውቅ ሰው ዝም ማለቱን ተመራማሪው መዝግቦ ይለፍ።

ክርክር የሚዘጋው በማስረጃ ሳይሆን በጉርሻ ነው። የአርሴናል ደጋፊ የማንቸስተር ዩናይትዱን ወዳጁን መርታት ሲያቅተው እንጀራውን ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ አፉ እንደሞላ መመለስም አይቻልም። ሊውጥ ሲል «አንድማ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። በዚህ መሐል አጉራሹ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ ወደ ሌላ ርዕስ ተሻግሯል።

ዋናው ግኝት ግን የአስተያየቱ መንስኤ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ገበታው ላይ መሆኑ ነው። የሻምፒዮንስ ሊግን ረቡዕ እንውሰድ። ረቡዕ ጾም ነው። በፈረንጆቹ የክረምት ወራት ጨዋታው በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራልና የመጀመሪያው አጋማሽ በሽሮ ይታያል፤ ሁለተኛው ሲጀመር 6 ሰዓት ሞልቶ ሐሙስ ገብቷል። «ሳይነጋ ሐሙስ የለም» የሚል ወገን ስላለ የዕረፍቱ ሰዓት በዚህ ክርክር ያልቃል። በሽሮው አጋማሽ ወዲያው መባረር የነበረበት አሰልጣኝ ጥብሱ ከቀረበ በኋላ «ጊዜ ይሰጠው» ይባላል።

ይህ አጋጣሚ ነው የሚል አንባቢ 2015 ዓ.ምን ያስታውስ። ሚያዝያ 1 ቀን፣ በሆሳዕና፣ አርሴናል ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 2 ለ 2 ወጣ። በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 8፣ በፋሲካው ዕለት ዌስት ሃምን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ አሁንም 2 ለ 2 ወጣ። ቡካዮ ሳካ ፍፁም ቅጣት ምት ስቷል። ሳይንቲስቶች በብዙ ወጪ የሚያዘጋጁትን ሙከራ የቀን መቁጠሪያው በነጻ አቀረበልን፦ ክለቡ ያው፣ ውጤቱ ያው፣ መዝረክረኩ ያው፤ የተለወጠው ገበታው ብቻ። በሆሳዕና፣ ሃምሳ አምስቱ ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ምስር የቀረበለት ደጋፊ ቡድኑ በሙሉ ይሸጥ አለ። በፋሲካ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ከዶሮ ወጡ በኋላ ጠላውን ይዞ ሶፋው ላይ የተጋደመው ያው ሰው ከሳካ ስህተት በኋላ የተናገረው «ልጅ ነው፣ ይማራል» የሚል ነው። ጥጋብ የይቅርታ ምንጭ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ዋንጫውን በዚያ ዓመት ማንቸስተር ሲቲ በ5 ነጥብ በልጦ ወሰደ። የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊ በጥናቱ ናሙና ውስጥ አልተገኘም።