የአቶ ፑንቲና አጭር የሕይወት ታሪክ

ይህን ጽሑፍ ማንበብ የነበረብኝ ደብረ ማርቆስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ለምን ዓባይ በረሃ ላይ ቆሜ እንደማነበው ስጨርስ ይገባችኋል።

በፈረስ ስማቸው አባ ብልጭ፣ አቶ ፑንቲና፣ ከአባታቸው ከአሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ ተወለዱ። ሥራ የጀመሩት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ነው፤ ስም ያወጡላቸው ግን ጣሊያኖች ናቸው። እኔ ያወቅኋቸው ቮልስ ውስጥ ነው።

ሥራቸው መግጠምና መላቀቅ ብቻ ነበር። ሲገጥሙ የባትሪው ኮረንቲ በቦቢና ውስጥ ይዞራል። ሲላቀቁ ይቋረጣል፤ ቦቢናም ድንገት ሲለዩዋት 12 ቮልቱን ከ20 ሺህ አድርሳ በካንዴላ በኩል ትጮኻለች። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እሳቸው 6,000 ጊዜ ይላቀቃሉ። እንዲህ የተፋታ ባል በጎጃም አልታየም።

ሟችን ማማት ነውር ነው እንጂ ጣጣቸው ብዙ ነበር። ፊታቸው ቶሎ ይቃጠላል፤ የሐምሌ ጠዋት እርጥበት ያስኮርፋቸዋል፤ የቮልሱ ክፍተታቸው ከ0.4 ሚሊሜትር ዝንፍ ካለ ቁጡ ናቸው። ግን ሲታመሙ ይናገራሉ። ሞተሩ እያሳለ ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሾፌሩም በብርጭቆ ወረቀት ፊታቸውን አብሶ፣ የሲጋራ ፓኮ ካርቶን በመሀል አስገብቶ ለክቶ ይሄዳል።

ወራሻቸው ሞጁል ነው። ክራይስለር በአሜሪካ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ መኪኖቹን ሁሉ ለእሱ ዓይነቱ አስረክቧል። በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጥርስ በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ ሽቦው ላይ ትንሽ ምልክት ይነሣል፤ ሞጁሉ እሷን ሰምቶ የቦቢናን ኮረንቲ በትራንዚስተር ይቆርጣል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ አይበላም፤ ብልጭታውም ብርቱ ነው። በቀብር ላይ እውነት ከተፈቀደ፣ ከአባቱ ይሻላል።

ነገር ግን በሙጫ ታሽጎ ስለሚመጣ ሳይሞት የተቀበረ ነው፤ ከፍቶ «ምን ሆንክ?» የሚለው የለም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ከሥሩ የተቀባው ነጭ ቅባት ከደረቀ ሙቀቱን ለብረቱ ማስረከብ ያቅተዋል፤ ሲግል ዝም ይላል፣ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ጋራዥ ሲደርስማ ከመካኒኩ ይልቅ ጤነኛ ነው።

ሬሳውን ያሳፈርንበት መኪና ከድልድዩ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣውን ዳገት ሲያጋምስ ቀጥ ብሏል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገንበታል። የደብረ ማርቆስ እድርተኞች፣ ንፍሮው እንዳይቀዘቅዝ አደራ፤ እኛ ሞጁሉን እያቀዘቀዝን ነው።