የጀርመን ቢራ በዲላ ሚዛን

የጌዴኦ ቡና ከዲላ መጋዘን ተጭኖ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ሃምቡርግና ብሬመን በደረሰ ቁጥር፣ በዚያ የሚጠብቁት ቀማሾች በማንኪያ እየጨለፉ፣ በምላሳቸው እያገላበጡና መልሰው እየተፉ «ይኸኛው የአበባ መዓዛ አለው፣ ያኛው ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ይኼ ደግሞ ጥቂት አፈር አፈር ይላል» የሚል ብይን ሲሰጡበት ብዙ ዘመን ሆኗል። እኛም ብይኑን ያለ ይግባኝ ተቀብለን፣ የወናጎና የይርጋጨፌ ገበሬ ከእንሰቱ ጋር አጎራብቶ ያሳደገው ፍሬ ምን ምን እንደሚል ከባሕር ማዶ እየተነገረን ኖረናል። ይሁን እንጂ ፍትሕ የሚባል ነገር ካለ፣ እነርሱ የእኛን ቀምሰው ደረጃ እንደሚሰጡ ሁሉ እኛም የእነርሱን ቀምሰን ደረጃ ልንሰጥ የሚገባን መሆኑን ቅን ፈራጅ አይክደውም፤ የጀርመን አገርም ለቅምሻ የሚያቀርበው ከቢራው የበለጠ ምርት እንደሌለው የታወቀ ነው። መኪና አይቀመስም።

ይህ ሐሳብ ከኅሊና ወጥቶ ወደ ግብር የተሸጋገረው፣ በባምበርግ ከተማ ትምህርቱን ሲከታተል የቆየው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ቸኮሌትና ሽቱ ሲጠባበቅ ሻንጣው ተከፈተና፣ ከየካልሲውና ከየሹራቡ ውስጥ ልዩ ልዩ የቢራ ጠርሙስ እየተፈታ ወጣ። «ጋሼ፣ ይኼ ለእርስዎ ነው» አለኝ፤ ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋም ከንግግሯ ይልቅ የሚሰማ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ ያለው ወደ 360 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ቢራውን ክፉኛ ስለናጠው፣ ጠርሙሶቹ ሁከታቸው እስኪበርድ ድረስ በሰፈራችን ግሮሰሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ በአደራ ተቀመጡ።

ዳኛ ለማግኘት አልተቸገርንም። ዕድሜያቸውን በቡና ቅምሻ አሳልፈው አሁን በጡረታ የሚገኙ አንድ ታላቅ ወዳጅ አሉኝ፤ ባለቤታቸው ማንበብ ስለሚወዱ ስማቸውን እንዳልጠቅስ አደራ ብለውኛል። በአገራችን ሥርዓት የታጠበ ቡና ከ100 ነጥብ ሲመዘን 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለስኒው ነው፤ የስኒውም 60 ለንጽሕናው፣ ለአሲዱ፣ ቀማሾች «ቦዲ» ለሚሉት ክብደቱና ለጣዕሙ 15፣ 15 ሆኖ ይከፈላል። ወዳጄ ይህ ሥርዓት አንዲት ነጥብ ሳትጎድል በቢራው ላይ እንዲጸና አዘዙ። «የቢራ ጥሬው ምኑ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ መልኩና አረፋው መሆኑን ምንም ሳያመነቱ ነገሩኝ፤ ወረቀትም አስመረው ቁጭ አሉ።

ንጽሕና በተባለው አንቀጽ ጀርመኖች ከጥንት ጀምሮ ሲመኩ የኖሩ ናቸው። የባቫሪያ መሳፍንት ዊልሄልም 4ኛና ሉድቪግ 10ኛ በ1516 እ.ኤ.አ. በኢንጎልሽታት ባወጁት ሕግ፣ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (የፈረንጅ ጌሾ ልንለው እንችላለን) እና ከውሃ በቀር ምንም ነገር እንዳይገባበት ደነገጉ፤ እርሾን ግን ጨርሶ አላነሡትም፣ ምሥጢሩ በሉዊ ፓስተር እጅ እስኪገለጥ ድረስ ገና ከ300 ዓመት በላይ ይቀር ነበርና። አዋጁ የወጣው በእነርሱ አቆጣጠር በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዕለት ነው። የዋጋውም ተመን የተከፈለው በቅዱሳን ነበር፤ ከቅዱስ ሚካኤል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ አንዱ መስፈሪያ ከ1 ፕፌኒግ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ሚካኤል ደግሞ ከ2 ፕፌኒግ እንዳይበልጥ ታዘዘ፤ በ1553 በሙቀቱ ወራት መጥመቅ ሲከለከልም ወሰን ሆነው የተተከሉት እነዚሁ ሁለት በዓላት ናቸው። በየወሩ 12 ቀን የሚካኤልን፣ 23 ቀን የጊዮርጊስን ማኅበር ቆጥሮ ጠላ ለሚያስጠምቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ምኑም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባው የመጀመሪያ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም የማንን ስም እንደያዘም አንባቢ ያውቀዋል። ሰማዕቱ ዘንዶ ሲገድል እንጂ ብቅል ሲፈጭ የሚያሳይ ሥዕል በየትኛውም ደብር አላየሁም፤ ነገር ግን በቢራ ጉዳይ ከዚህም ከዚያም መጠራቱን አልተወም።

ይህን ሕግ ለባለቤቴ ባነበብኩላት ጊዜ አልተደነቀችም። «ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ፣ ሕጉ ምን ያደርግለታል?» አለች። ይህን ቃሏን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ክርክር ያስነሣልና።

በቅድሚያ የቀረበው ፒልስነር የተባለው ነው። ወዳጄ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከደረት ኪሳቸው ለዘመናት ያገለገለቻቸውን የቅምሻ ማንኪያ አወጡና ጨልፈው፣ በቡና ቤተ ሙከራ እንደ ለመዱት፣ በአጥራችን ሥር የሚያልፈው የባጃጅ ነጂ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ሳቡት። ቡና ሲሳብ ዝም ይላል፤ ቢራ ግን እስትንፋስ ያለው መጠጥ ስለሆነ በአፋቸው ገብቶ በአፍንጫቸው ወጣ። እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ ለመትፊያ ወደ ተዘጋጀው ሳፋ አዩ፤ ወደ ብርጭቆውም አዩ፤ ከዚያም የቀረውን በዝግታ ዋጡና «ይህንን መትፋት ነውር ነው» ሲሉ በየኑ። ስለዚህ ሳፋው በሙሉ ድምፅ ከሸንጎው ተሰናበተ። የዚህ ውሳኔ መዘዝ ወዲያው አልታየንም።

ፒልስነርን በ1842 እ.ኤ.አ. በቦሔሚያዋ ፕልዘን ከተማ የጠመቀው ጆሴፍ ግሮል የሚባል ባቫሪያዊ ነው፤ ዛሬ በዲላ ሆቴሎች በጃምቦም ሆነ በጠርሙስ የሚቀርብልን ወርቅ መልክ ቢራ ሁሉ የዚያ ጥምቅ ዘር ስለሆነ፣ ሸንጎው እንደ ዘመድ እንጂ እንደ እንግዳ አልተቀበለውም። ለንጽሕናው 15 ከ15 አገኘ። መራራነቱ ግን ከለመድነው ይበልጣል፤ ባለቤቴ በጥፍሯ ጫፍ የምታህል ቀምሳ «ጌሾ በዝቶበታል፤ የጠመቀችው አዲስ ሙሽራ ናት» አለች። የእህቴ ልጅ በትሕትና «እትዬ፣ እዚያ የሚጠምቀው እኮ ወንድ ነው» ቢላት፣ «እሱን ነው የምልህ» አለችው።

ቀጥሎ የመጣው የስንዴ ቢራ ደፍረስ ያለ፣ አረፋው ግማሽ ብርጭቆ የሚይዝ፣ ሽታው ሙዝና ቅርንፉድ ሲሆን፣ ወዳጄ ሙዝ ጨምረውበት እንደሆነ በብርቱ ጠረጠሩ፤ እንዲያ ከሆነ አዋጁ ተጥሷል ማለት ነው። ነገሩ ግን ሙዝም ቅርንፉድም የለበትም፤ ሽታውን የሚያመጣው እርሾው ነው። የስንዴው መግባት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ ሕጉ ስንዴን ለዳቦ ትቶ ለቢራ ሲከለክል፣ ደገንበርግ የሚባሉ ባላባቶች ግን በልዩ ፈቃድ ይጠምቁ ነበር፤ በ1602 ዘራቸው በተቋረጠ ጊዜም መስፍኑ ማክሲሚሊያን 1ኛ መብቱን ለራሱ ጠቅልሎ፣ ለሕዝቡ ክልክል የሆነው ነገር ለግምጃ ቤቱ ብዙ ገንዘብ አስገባለት። ወዳጄ ይህን ሲሰሙ «ሕግማ እንዲህ ነው» ብለው ለጣዕሙ 13 ጻፉ።

አሁን ወደ ክርክሩ ደረስን። ባምበርግ ብቅሏን ፋጉስ በሚባል እንጨት ጢስ እያደረቀች የምትጠምቀው ጠቆር ያለ ቢራ አላት፤ ከዚህ ዓይነቱም ስመ ጥሩው ሽሌንከርላ ነው። ቆርኪው በተከፈተ ጊዜ ጢሱ ክፍሉን ሞላው፤ ወዳጄ ገና ሳይቀምሱ ፊታቸውን አጨፍግገው ብዕራቸውን አነሡ። በቡና ሙያ ጢስ ጢስ የሚል ስኒ ነውር ያለበት ነው፤ ማድረቂያው አጠገብ እሳት ተነድዶበታል ወይም መጋዘኑ ከማዕድ ቤት ተጎራብቷል ተብሎ ከደረጃ ይወርዳል፤ እርሳቸውም በሥራ ዘመናቸው ለዚህ ጥፋት ምሕረት አድርገው አያውቁም። ነገር ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ በጥፍሯ ጫፍ ስትቀምስ የነበረችው ባለቤቴ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ አሸተተች፤ ጠጣች፤ ደግማ ጠጣች፤ «ይኼማ ታጥኗል!» አለች። ወይራ አይሁን እንጂ እንጨቱን የሚያውቅ ሰው እጅ እንዳለበት፣ ይህን የጠመቀው ወንድም ቢሆን ከእናቱ ተምሮ እንደሆነ መሰከረች። ሁለቱም በየሙያቸው ሊቃውንት በመሆናቸው ነገሩ በቀላሉ አልበረደም፤ እርሳቸው የደረጃውን መመሪያ ሲጠቅሱ፣ እርሷ የእናቷን ጋን ጠቀሰች፤ በመካከሉ ጠርሙሱ ማስረጃ ሆኖ ሲመረመር አለቀ። እኔ የባለቤቴን ወገን ያዝኩ። ፍርሃት ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ግን ጢስ ለቡና ነውር፣ ለጠላ ግን ጌጥ መሆኑን ከልቤ አምናለሁ፤ ቢራም የጠላ የሥጋ ዘመድ እንጂ የቡና አይደለም።

በዚህ ጊዜ ነበር ጎረቤታችን የገቡት፤ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ አልኮል የሚባል በአፋቸው አይዞርም። ለእርሳቸው ተብሎ አልኮል አልባ የሆነ የስንዴ ቢራ መጥቶ ስለነበር በክብር ቀረበላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው ካነበቡ በኋላ «ወንድሜ፣ አልባ ካሉት ይህቺ 0.5 ከየት መጣች?» አሉኝ። የጀርመን ደንብ እስከ 0.5 በመቶ ያለውን አልባ ብሎ እንደሚቆጥር ባስረዳቸውም አልተዋጠላቸውም፤ ማልት ይሻለኛል ብለው መለሱልኝ። የማርቲን ሉተር ሚስት ካታሪና ፎን ቦራ በቪተንበርግ ቤቷ ቢራ ትጠምቅ እንደነበረ፣ ሉተር ራሱ በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ፊት ሲቀርብ የአይንቤክ ቢራ በስጦታ እንደ ተላከለት ብነግራቸው፣ ጥቂት አሰብ አድርገው «ተሐድሶው ገና አላለቀም ነበር» አሉኝ። ይህን ለመሰለ መልስ ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ በቅጹ ላይ አለመኖሩ አሳዘነኝ።

የመጨረሻው ድርብ ቦክ የሚባለው፣ ከ7 በመቶ በላይ አልኮል ያለው ከባድ ቢራ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በሙኒክ ፓውላነር የሚባሉት መነኮሳት ዐቢይ ጾም ምግብ ሲከለክላቸው የሚደገፉት በእንዲህ ያለ ቢራ ነበር። አፈ ታሪኩም እንዲህ ይላል፦ መነኮሳቱ መጠጡ ለጾም ይገባ እንደሆነ ለማስፈቀድ አንዱን በርሜል ወደ ሮም ላኩ፤ በርሜሉ ተራራና ሙቀት ሲያቋርጥ ቆምጥጦ ደረሰ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ቀምሰው፣ ይህን መጠጣት ራሱ ንስሐ ነውና ይጠጡ ብለው ፈቀዱ። በመንገድ የተናጠ ቢራ ትክክለኛ ፍርድ እንደማያገኝ ከዚህ ይታያል፤ ለእኛ የደረሰው ግን አልቆመጠጠም፤ ይልቁንም እንደ ማር ወፍራም ሆኖ ሲወርድ ሸንጎው የንስሐውን ነገር ፈጽሞ ረሳው።

ምናልባት ዳኞቹ ለጀርመን አድልተዋል የሚል እንዳይኖር፣ አንድ ቂም ቀርቦ እንደነበር መመዝገብ አለብኝ። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ በ1777 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቃል፣ ሕዝቡ ቡና እያበዛ ገንዘቡን ወደ ውጭ ማውጣቱን ነቅፎ፣ እርሱና አባቶቹ ያደጉበትን ቢራ እንዲጠጣ መከረ፤ በ1781ም ቡና መቁላትን በመንግሥት እጅ አድርጎ፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮችን በየመንገዱ እያሸተቱ በድብቅ የሚቆላውን እንዲይዙ አሰማራ። ከእነዚያ አሽታቾች አንዱ ዲላ ቢሾም በመጀመሪያው ጠዋት ከየትኛው በር እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ሥራውን ይለቅ ነበር። ወዳጄ ስለዚህ በደል ከሁሉም ቢራ 5፣ 5 ነጥብ እንዲቀነስ ሐሳብ አቀረቡ፤ እኔ ግን አባ ጎርጎርዮስን አስታወስኳቸው። እኚህ የመካነ ሥላሴ ሊቅ በ1652 እ.ኤ.አ. በጎታ ቤተ መንግሥት የመስፍን ኤርንስት እንግዳ ሆነው፣ ለሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛን ሲያስረዱ ሰነበቱ። ጎታ በቱሪንጊያ ናት፤ በዚያው አገር የቫይሰንዜ ከተማ ከባቫሪያው አዋጅ አስቀድማ በ1434 የጠመቃ ደንብ የጻፈች ናትና፣ በእንግዳው ገበታ ላይ ቢራ አልቀረበም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። አባታችን ስለ ጣዕሙ የተዉልን ብይን ቢኖር ይህን ሁሉ ድካም ባዳነን ነበር። ስለ እርሳቸው ክብር ቅጣቱ ተነሣ።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። የባምበርጉ የጢስ ቢራ፣ የወዳጄ የልዩነት ሐሳብ በመዝገብ እንዲቀመጥ ሆኖ፣ ደረጃ 1፤ የስንዴው ደረጃ 2፤ ፒልስነሩ የጌሾውን ነገር እስኪያስተካክል ደረጃ 3 ተሰጥቷቸዋል። ድርብ ቦክ ደረጃ አልተሰጠውም፤ ሳፋው ከተሰናበተ በኋላ በመጨረሻ የተቀመሰ በመሆኑ፣ በቅጹ ላይ የተጻፈው 60 ይሁን 90 ዳኞቹ ራሳቸው በማግስቱ ሊለዩት አልቻሉም። ስለዚህ ከጀርመን አገር ወደ ዲላ ለምትመጡ ወገኖች ሁሉ አደራ እላለሁ፦ ከፒልስነሩ አትድከሙ፣ እዚህ ዘሩ ሞልቷል፤ ከባምበርጉና ከድርብ ቦኩ ግን ሁለት ሁለት ጠርሙስ አምጡ፤ አንዱ ለቅምሻ፣ አንዱ ለይግባኝ።