የጠርሙስ ዘር ቆጠራን ለመገደብ የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ ከፖቶማክ ወዲህና ወዲያ ከሰል የምታቀጣጥል፣ በአፓርታማህ በረንዳ ላይ እሳት ማንደድ ተከልክሎብህ ሥጋህን በበረዶ ሳጥን ተሸክመህ ወደ ፓርክ የወረድህ ወገን ሁሉ! ሰመር በገባ ቁጥር በየግብዣው የሚቀርበው ቀይ ወይን ስለ ቤተሰቡ ብዙ ሲወራለት ስለ ጠባዩ የሚጠይቅ በመጥፋቱ፤ በጠርሙሱ ላይ የጥንት ዓመተ ምሕረትና የቤተሰብ ማኅተም ያየ ሁሉ ዋጋ ሳይከራከር በመክፈሉ፤ ያ ወይን ከአዋዜ ጋር ሲገናኝ አፍ አቃጥሎ፣ ጋባዡን አሳፍሮ፣ እንግዳውም ቀስ ብሎ ወደ ቢራው ሲያፈገፍግ በመታየቱ ይህ አዋጅ ወጥቷል። አዋጁን ያወጣው አካል ሥልጣኑን ከየት እንዳገኘ እንዲያስረዳ አይገደድም።

ስለ ወይን ማወጅ በዚህ አገር የተለመደ ነው። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ያለችበት ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1619 በጄምስታውን የተቀመጠው የመጀመሪያው ጉባኤ እያንዳንዱ አባወራ በየዓመቱ አሥር የወይን ተክል እንዲተክልና እንዲንከባከብ በሕግ አዝዞ ነበር። አባወራውም ሕጉን አክብሮ ሰማ፤ ትምባሆም ተከለ። ትምባሆው ገንዘብ ያመጣል፤ ከአውሮፓ የመጣው የወይን ተክል ግን እንደተተከለ ይጠወልጋል። ይህ አዋጅ የታላቅ ወንድሙን ዕጣ ስለሚያውቅ ማንንም ምንም ትከል አይልም። የሚጠይቀው ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ጠርሙሱ እንዳይከፈት ብቻ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው ከዘር ቆጠራ ነው። ልጅ ለመዳር እስከ ሰባት ትውልድ የምንቆጥር ሕዝብ ስለሆንን፣ «የጥንት ቤተሰብ ወይን» የሚል ነገር ሲቀርብልን ልባችን ቶሎ ይራራል። ጠርሙሱንም እንደ ሙሽራ እናየዋለን፤ ቤተሰቡ ደህና ከሆነ እሱም ደህና ነው ብለን እንፈርማለን። የቨርጂኒያ ታሪክ ግን ይህን አያጸናም። ከቶስካና የማዜይ ቤተሰብ የበለጠ የወይን ዘር ማን ይቆጥራል? ፎንቴሩቶሊ የሚባለውን ርስት ከ1435 ጀምሮ ይዘዋል፤ እኛ ያኔ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነበርን። የዚያ ቤተሰብ ልጅ ፊሊፖ ማዜይ በ1773 ቨርጂኒያ ሲደርስ ቶማስ ጄፈርሰን ከራሱ ርስት ከሞንቲቼሎ አጠገብ መሬት ሰጠው፤ ወይን ጠማቂዎችም አስከትሎ መጥቶ ነበር። ከዚህ የተሻለ ዘር፣ ከዚህ የተሻለ አማች አይገኝም። በ1774 ውርጭ ተክሉን መታው። በኋላም እርሻውን የተከራየው ምርኮኛው የጀርመን ጄኔራል ሪዴዝል ነበር፤ የተረፈውን የጄኔራሉ ፈረሶች ረገጡት። ጄፈርሰን ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሞክር ኖሮ የሚጠጣውን ወይን ከአውሮፓ እንዳስመጣ ሞተ።

የውድቀቱ ምክንያት ከፈረሶቹ ይልቅ ከመሬት በታች ነበር። በአሜሪካ አፈር ውስጥ ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚመጥ ደቂቅ ነፍሳት አለ፤ የአገሬው የዱር ወይን ለምዶታል፣ የአውሮፓው ግን መከላከያ የለውም። ላይ ቅጠሉን ደግሞ በእርጥቡ አየር የሚራባ ሻጋታ ይጨርሰዋል። መፍትሔው የተገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ መከተብ፣ በላዩም መድኃኒት መርጨት። ዘሩን ከ1821 የሚቆጥረው የጣልያኑ የዞኒን ቤተሰብ በ1976 ባርበርስቪል የሚባለውን የቨርጂኒያ ርስት ገዝቶ የተሳካለት ከዚህ በኋላ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጄፈርሰን ለአገረ ገዢው ጄምስ ባርበር የነደፈው ቤት ፍርስራሽ አለ፤ በ1884 የገና ዕለት በእሳት ጋየ። ማዜይና ዞኒን ሁለቱም ጣልያን፣ ሁለቱም ባለ ዘር ናቸው፤ የለያያቸው ከተክሉ በታች ያለው የአሜሪካ ሥር ነው። የራሳችንም ምሳሌ አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ቦርዶ ላይ የተመሠረተው የካስቴል ቤተሰብ ድርጅት ዝዋይ ዳር ወይን ተክሎ በ2014 ጠርሙስ ሲያወጣ፣ ወይኑን ያበቀለው የስምጥ ሸለቆ አሸዋማ አፈርና ፀሐይ እንጂ የቦርዶ መዝገብ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቤተሰብ ስሙን ስለሚፈራ መጥፎ ወይን አይሸጥም ይባላል። እውነትነት አለው፤ አዋጁም ታሪክን አይንቅም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በአንድ ስም ብዙ ዓይነት ወይን ያወጣል፤ ስሙ ሁሉም በጥንቃቄ እንደተሠሩ ቢመሰክር እንኳ፣ የትኛው ለፍም፣ የትኛው ለጥር እራት እንደሚሆን አይነግርህም። ባርበርስቪል ኦክታጎን የተባለውን ዝነኛ ቅልቅሉን፣ እንዲሁም ባርቤራና ካበርኔ ፍራንክን ያወጣል። የሦስቱም እናት አባት አንድ ነው፤ ሚጥሚጣ ፊት ሲቀርቡ ግን ዝምድናቸው ይረሳል።

ነገሩ በአፍ ውስጥ ይፈተናል። በጥቁር ሻይ የምናውቀው፣ ምላስን የሚያደርቀው ታኒን በቀይ ወይን ውስጥ አለ፤ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ አፍን ያከረክራል። የሥጋ ስብና ጨው ያለዝቡታል፤ ስለዚህ ጎድን ብቻ፣ በጨውና በጥብስ ቅጠል ብቻ ቢሆን ወፍራሙ ወይን ይሻል ነበር፤ የአሜሪካ የግሪል ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። እኛ ግን ሥጋውን በአዋዜ አሽተን፣ ሚጥሚጣ በጎን አስቀምጠን ነው የምንበላው። የበርበሬ ማቃጠል የሚሰማን ምላስ ላይ ባለው የትኩሳት ተቀባይ ነው፤ አልኮልም ያንኑ ተቀባይ ይቀሰቅሳል። አሥራ አምስት በመቶ አልኮል ያለው ወይን ሚጥሚጣ ላይ ሲፈስ እሳቱን ያባብሳል፤ ብዙ ታኒን ካለው ደግሞ በተቃጠለው ላይ ያደርቃል። ስለዚህ ለእኛ ፍም የሚሆነው አልኮሉ ከአሥራ ሦስት ተኩል በመቶ የማያልፍ፣ ታኒኑ የለዘበ፣ ኮምጠጥ የሚል ወይን ነው። ባርቤራ በተፈጥሮው ታኒኑ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ ነው፤ ስቡንም ይቆርጣል። ካበርኔ ፍራንክም ቀለል ያለው ቢመረጥ መልካም ነው። አልኮሉ በመቶ ስንት እንደሆነ በጠርሙሱ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ከዛሬ ጀምሮ ከቤተሰቡ ማኅተም አስቀድሞ ይነበባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቃውሞ «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው» የሚለው ነው። ይህ ደንብ የወጣው ለአውሮፓ የድንጋይ ቤቶች ነው፤ የእነዚያ ክፍል ሙቀት ከ60ዎቹ ፋራናይት እምብዛም አይዘልም ነበር። የሐምሌ ከሰዓት በሲልቨር ስፕሪንግ 90 ሲደርስ ክፍሉ ፓርኩ ነው። በሞቀ ወይን ውስጥ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫ ይመታል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከሥጋው ጋር በበረዶ ሳጥን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ሲወጣ 60 አካባቢ ይሆናል። የቢራ ወገን ክርክርም የሚፈታው እዚሁ ነው፤ ቢራ ከሚጥሚጣ ጋር የተስማማው በብርዱ ነው፣ ብርዱን ለወይኑም አትንፈገው። ውስኪን በተመለከተ አዋጁ ጀግንነትን አይከለክልም። ወይንን በኮካ የሚቀላቅልም አይቀጣም፤ ባስኮች ያንኑ እያደረጉ ስም አውጥተውለታል፤ ብቻ በኮካ ለሚደባለቅ ወይን የዘር ሐረግ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ጠጅን ያነሣ ሰው ግን ክርክሩን ረትቷል፤ ጣፋጩ በርበሬን እንደሚያበርድ አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል፤ አዋጁም በጠጅ ፊት ቆቡን ያወልቃል።

አዋጁን ለማስፈጸም የሁለቱ ከተሞች ሕግ አንድ አለመሆኑ ችግር ነው። በአሌክሳንድሪያ ሥጋውንም ወይኑንም ከአንድ ሱፐርማርኬት ትገዛለህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን የአልኮል ክልከላ በ1933 ከተነሣ ወዲህ የጅምላ ሽያጩን በራሱ እጅ ይዟል፤ ሱቁም ምግብ ቤቱም ከካውንቲው መጋዘን ይገዛል፤ በአብዛኞቹ ሱፐርማርኬቶችም ወይን የለም። የዚህ አዋጅ አውጪ በዚህ ይቀናል እንጂ አይነቅፍም። በውድሮ ዊልሰን ድልድይ ለሚሻገር ሁሉ ግን ሁለቱ ግዛቶች በአንድ ቁጥር ተስማምተዋል፤ በደሙ ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል የተገኘበት ሹፌር በወዲያም በወዲህም ይታሰራል።

ከዚህ አዋጅ የሚበልጥ ሕግም አለ። የአሜሪካ የነጻነት ቀን ሰኔ 27 ስለሚውል በሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው፤ «የሰኔ ጾም የቄስ ነው» የሚለውን የቆየ ሙግት አዋጁ አይዳኝም፣ ነገር ግን ቄስ በተጋበዙበት ግሪል ላይ ዝኩኒና በቆሎ እንዲቀድም ይመክራል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ስለዚህ አዋጁ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30፣ እንደገናም ከነሐሴ 16 እስከ ሌበር ደይ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳይጨምር የጸና ይሆናል። የተላለፈ ሰው በሚቀጥለው ግብዣ ከሰሉን ያቀጣጥላል፣ መጥበሻ ብረቱንም ያጥባል። አዋጁ ሳይወጣ የተገዙ ባለ ማኅተም፣ ባለ ብዙ ትውልድ ጠርሙሶች አይወረሱም፤ እስከ ጥር ድረስ ከምድጃ ርቀው ይቆያሉ፣ ወይም ወይን ለማይጠጣ አለቃ በስጦታ ይላካሉ።