ብልቃጡ ቡፌ ውስጥ፣ በርበሬው ኒዶ ውስጥ

የአንድ ቤት ቅመም የት እንደሚቀመጥ ማወቅ የፈለገ ሰው ቡፌውን አይቶ አይሳሳት። እዚያ የተደረደሩት ብልቃጦች ሆዳቸው ላይ ሰማያዊ አበባ ተስሎባቸዋል፤ ጠርዛቸው ወርቅ ተቀብቷል፤ ክዳናቸው ላይ የጣት ጫፍ የምታህል መያዣ አለች። ለቅመም ተብለው ተሠሩ እንጂ ቅመም አይተው አያውቁም። ከፊታቸው የልጅ የምረቃ ፎቶ ቆሟል። ቅመሙ ያለው ጓዳ ነው። በርበሬው በኒዶ ቆርቆሮ፣ ሚጥሚጣው በማዮኔዝ ብርጭቆ፣ ሽሮው ክዳን ባለው ባልዲ ተቀምጧል፤ ኮረሪማው ደግሞ በላስቲክ ተቋጥሮ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

በኒዶው ላይ ክፉ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ቅመምን የሚያበላሹት ብርሃን፣ ሙቀት፣ አየርና እርጥበት ናቸው። ቆርቆሮው ብርሃን አያሳልፍም፤ ክዳኑ ጥርቅም ይላል፤ አፉ ጭልፋ ያስገባል፤ ከእጅ ቢያመልጥ እንኳ ተንኳኩቶ ዝም ይላል እንጂ ባልና ሚስት አያጣላም። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር ሙሉ የኖረው እንዲህ ያለውን ቆርቆሮና ጀሪካን ሰው እንደማይጥለው ስለሚያውቅ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያገለገለው ቆርቆሮ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ ይደበቃል፤ አንዲት ቀን ያልሠራችው ብልቃጥ ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ተወልውላ እንግዳ ትቀበላለች።

ብልቃጦቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጀርመንና የቦሄሚያ ፋብሪካዎች ለወጥ ቤት መደርደሪያ የሚሆን ሙሉ ስብስብ ይሠሩ ነበር። ትላልቆቹ ለዱቄት፣ ለስኳር፣ ለሩዝና ለቡና፤ ትናንሾቹ ለቁንዶ በርበሬ፣ ለቅርንፉድ፣ ለቀረፋ፣ ለዝንጅብልና ለገውዝ ነበሩ፤ የዘይትና የኮምጣጤ ጠርሙስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጨው ሣጥንም ይከተላቸዋል። የየአንዳንዱ ስም ሆዱ ላይ ተጽፏል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አሜሪካ የተላኩት ታችኛው ፊታቸው ላይ «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ማኅተም አለባቸው። አገሪቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ለሁለት ተከፍላ ከካርታው ወጥታለች፤ ብልቃጧ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ሀበሻ ቤት ተደላድላ ተቀምጣለች።

እዚያ የደረሰችው በሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ቤታቸው ይከፈታል፤ ከአልጋቸው እስከ ማንኪያቸው ዋጋ ይለጠፍበታል፤ አላፊ አግዳሚው ገብቶ መሳቢያቸውን ይጎለጉላል። አዲስ አበባ ብትሆን የሙት ዕቃ ቤቴ አይገባም ብላ የምታማትበው ሴት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በፊት በር ላይ ተሰልፋ ታገኟታላችሁ።

ገብታም ብልቃጧን የምታየው ከፊቷ አይደለም፤ ገልብጣ ከቂጧ ነው። ምክንያት አላት። አሜሪካ ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ አዘዘች። ጃፓኖች «ኒፖን» ብለው ሲጽፉ ቆዩ፤ በ1921 ጉምሩኩ ይህን አልቀበልም ስላለ «ጃፓን» ማለት ጀመሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት ዘመን ደግሞ «የተያዘች ጃፓን» የሚል ማኅተም ሲመቱ ነበር። እንግዲህ የጉምሩክ ጣጣ ነው ዛሬ የዋጋ መለኪያ የሆነው። አጭበርባሪውም አልተኛም፤ ትናንት ከምድጃ በወጣ ብልቃጥ ላይ የመቶ ዓመት ማኅተም ይመታበታል። የዚህ በሽታ የጸናባቸው ሰዎች የሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ እጃቸው አያርፍም። አንዱ የስኳሩን ዕቃ ማኅተሙን ለማየት ገልብጦ፣ ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ፣ «አዲስ ነው» ብሎ መልሶ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። ለስኳሩ ይቅርታ አልጠየቀም።

ጨዋታው የሚደምቀው ከአገር ቤት በርበሬ የመጣ ዕለት ነው። በርበሬ እኛ ዘንድ በቁንጥር የሚለካ ነገር አይደለም። ደኅና ቤት በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው የሚገዛው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ይሰጣል፣ ይደቆሳል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፤ ታፍኖ ያድርና እንደገና ይሰጣል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው ታምሶ ይጨመርና ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ሰፈሩ ሁለት ቀን ያስነጥሳል። የዚህ ሁሉ ልፋት ውጤት፣ ኬክ ላይ ቆንጠር አድርጋ ቀረፋ ለምትነሰንስ ሴት በተሠራች፣ ሁለት ሲኒ በማትሞላ ብልቃጥ ውስጥ ግባ ሲባል ነው ጉዱ።

አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ መጡ። ሻንጣው ሲከፈት ልጅቱ መደርደሪያዋን በኩራት አሳየቻቸው።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ገልብጪልኝ። የመቶ ዓመት ዕቃ ናት።»

እናት አንዷን አነሡ፤ ክዳኗን ከፈት አድርገው በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ አዩ።

«ይቺ ውስጥ?»

«አዎ። በእጅ የተሳለች እኮ ናት።»

«እሱስ ደግ። ተዝካሩ የማን ነው፣ የአይጥ?»

በርበሬው ፍሪዘር ገባ፤ ከዶሮው ጎን፣ በአይስክሬም ዕቃ። ልጅቱ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከየቅመሙ አንዳንድ ማንኪያ ወስዳ ብልቃጦቹን ሞላቻቸው። ሆዳቸው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጣቸው ያለው ሌላ ሆነ። ገውዝ የሚለው ውስጥ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል የሚለው ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ገባ። ቤተኛው ለመደው። ከባሏ መሥሪያ ቤት የመጣ አንድ ፈረንጅ ግን ቡናው ላይ ቀረፋ መነስነስ ይወድ ኖሮ፣ ማንንም ሳያስቸግር ቀረፋ የሚለውን ብልቃጥ አንሥቶ ነሰነሰ። ሚጥሚጣ ነበር። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ፊቱ ቀልቶ፣ እንባው እየወረደ፣ ቡናው ልዩ መሆኑን መሰከረ።

ከዚያ ወዲህ ብልቃጦቹ ወደ ዋና ሥራቸው ተመለሱ። የዋና ሥራቸውን ዝርዝር ለማወቅ አንዷን መክፈት ይበቃል። ያለቀ ባትሪ፣ የጠፋ ስልክ ሲም ካርድ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ ከኮት የተበጠሰ አዝራር፣ ከገና ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ሎተሪ፣ ደግሞም ማን እንዳዘዘው የተረሳ አንድ ግማሽ ኪኒን።

እውነቱን ለመናገር ባዶ መዋላቸው ሳይታሰብ የተሠራ ጽድቅ ነው። በድሮ ሴራሚክ ልባስና ደማቅ ቀለም ውስጥ እርሳስ መኖሩ የተለመደ ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገደብ ማበጀት የጀመረው ገና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ደረቅ ቅመም ብዙ አይነካካውም፤ ኮምጣጣና እርጥብ ነገር ግን እርሳሱን ከልባሱ እየሳበ ያወጣዋል፤ ልባሱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ አዋዜና ሰናፍጭ፣ ሎሚም የገባበት ሁሉ፣ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። በፎቶ የተከበረችው ብልቃጥ ወጥ ቤት ገብታ ብታገለግል ኖሮ ቤተሰቡን ሐኪም ቤት ልታመላልሰው ትችል ነበር። ኒዶው ሳይመሰገን ይህንንም አድኖናል።

ሁሉም የሚምልበት «በእጅ የተሳለ» የሚለው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ከብልቃጦቹ ብዙዎቹ አበባቸው ከወረቀት የተለጠፈ ኅትመት ነው፤ በእጅ የተደረገው ጠርዙ ላይ ያለችው የወርቅ መስመር ብቻ ትሆናለች። አጉሊ መነጽር ይዞ ያየ ሰው በኅትመቱ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያገኛል። የብሩሽ ሥራ ከሆነ ግን ቀለሙ ከአንዱ ጫፍ ወፈር፣ ከሌላው ሳሳ ይላል፤ ቅጠሉ ከቅጠል፣ አበባው ከአበባ አይመሳሰልም። ገዢ ያን መዛነፍ ሲያገኝ ልቡ ይሞቃል። «እየው፣ እጇ እዚህ ጋ ተንቀጥቅጧል!» ይልና ሃምሳ ዶላር ይጨምራል።

ይኸው ሰው ለዕረፍት አዲስ አበባ ሲመጣ ቀጨኔ ይወርዳል። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ ሴቶች ሰፈር ነው። ጭቃውን በእግር ረግጠው፣ ያለ ማሽከርከሪያ በመዳፍ አንሥተው፣ በለስላሳ ጠጠር አሽተው፣ እሳት ውስጥ ያስገቡታል። እጅ እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይሁን? ሰውየው ጀበናውን አንሥቶ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ያዳምጣል፤ አዟዙሮ ያያል፤ ከዚያ ፊቱን ያጨማድዳል።

«ይሄ እኮ በዚህ በኩል ዘመም ብሏል።»

«በእጅ ነው እኮ፣ ጌታዬ።»

«እኮ። በእጅ ስለሆነ ቀንሺ እንጂ።»

ሃምሳ ዶላር ያስጨመረችው መዛነፍ ቀጨኔ ስትደርስ ሃምሳ ብር ታስቀንሳለች። ለሩቁ እጅ፣ በተለይም ለሞተው፣ ክብራችን ወሰን የለውም፤ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ጭቃ ለሚያቦካው እጅ ግን ለዘመናት ክፉ ስም አውጥተንለት፣ ቡዳ ብለነው፣ ከማዕዳችን አርቀነው፣ በሠራው ድስት ግን ወጣችንን ስንበላ ኖረናል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ከዚህ ሐሜት አላመለጡም። እነሱ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የሸክላ ቅርጻቸውን ዛሬ ቱሪስቱም እኛም ለማስታወሻ እንገዛለን። ይኸው፣ ራቅ ሲሉ ተወደዱ።

አሁን ደግሞ የአሮጌ ዕቃ ፋሽን አዲስ አበባም ገብቷል። አንዲት ዘመናዊ ወይዘሮ ቀጨኔ ወርደው ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ከስልካቸው ላይ ፎቶ ሲያሳዩ ሰማሁ። ፎቶው የዚያችው የቼኮዝሎቫኪያዋ ብልቃጥ ዘመድ ነው።

«እንደዚህ ያለች የቅመም ማስቀመጫ ሥሪልኝ። ግን አሮጌ እንድትመስል።»

«አሮጌ?»

«አዎ፣ ያገለገለች። ቀለሟ ደብዘዝ ያለ፣ ጠርዟም ትንሽ ሸረፍ ያለ።»

ሸክላ ሠሪዋ ፎቶውን አየች፤ ወይዘሮዋን አየች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«እትዬ፣ አሮጌ ከሆነ የሚፈልጉት ከቤቴ አንድ አለልዎት። የእናቴ ነው። ጠርዙም ከተሸረፈ ቆየ። አሁን ግን በርበሬ አለበት፤ ፋሲካ ይለፍና ይምጡ።»